ጨው

መስከረም ማለቂያ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ብሎክ መቶ ሰባት፣
ቧንቧ ከሐሙስ በቀር በማያስነጥስባት፣
አባዬ በሌሊት ተነሥቶ ከመኝታው
ጆሮውን ለጠፈ ከብሎኬት ግድግዳው።
«ዝም በይ» አለኝ፤ «መስመሩ ተጠልፏል፤
አንድ ሰው እዚህ ውስጥ ስማችንን ይጽፋል።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የስልክ እንጨት ወጥቷል፤
ሽቦ ሲያፏጭ ሰምቶ ብልሽቱን ይለያል።
እኔም ጠረጠርኩኝ፤ እኔም ጆሮ ጣልኩኝ፤
የጎረቤት ፍሪጅ ሲያጓራ ሰማሁኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ በረንዳችን ላይ፣ ቀለም የያዘ ሰው አየ፤
አራተኛ ፎቅ ነው።
«ብሩሹ ቀይ ነው፤ ያው የዚያን ጊዜው ነው፤
በር በር እየዞረ ምልክት ሊያደርግ ነው።»
ሻዩን ደፋው፣ መርዝ አለበት ብሎ፤
የእናቴን ፎቶ ደበቀው፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ።
«አንቺንስ ማን ላከሽ?» አለኝ፤
እኔን፣ ትርሲትን።

ወይዘሮ አመለወርቅ «ዓይነ ጥላ ነው» አለች፤
የምድር ቤቱ ባለሱቅ «ጡረታ ነው፣ ሥራ መፍታት»፤
ወንድሜ ከአዳማ ደወለ፤ «አርጅቷል፣ በቃ።»
በብሎኩ ውስጥ ምክር ያጣ ሰው የለም፤
«ደሙ ይታይ» ያለ ግን አንድም አልነበረም።

አቃቂ፣ ሆስፒታሉ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ተረኛዋ ሐኪም ሐዊ፣ ዓይኗ በእንቅልፍ የቀላ፣
«ምን ይውጣል?» አለች፤ «ምንስ ይበላ ነበር?»
«የደም ግፊት ኪኒን። ሽንት ያበዛበታል።»
«ጨውስ?»

ዝም አልኩ።
ጨው የነሣሁት እኔ ነኝ።
በትንሽ ድስት ለብቻው አልጫ የሠራሁ፣
ከሬዲዮ የለቀምኩትን ምክር ጫፍ ያደረስኩ፣
«ውሃ ጠጣ፣ አባዬ፣ ውሃ ጠጣ» እያልኩ የጎተጎትኩ።

ወረቀቱ መጣ፤ መቶ አሥራ ስድስት።
ከመቶ ሠላሳ አምስት መውረድ የለበትም።
«ጨው ከደም ሲጎድል አንጎል ውሃ ያዝላል፤
ውሃ ያዘለ አንጎል የሌለ ሰው ያያል።»
ኪኒኑን ሰረዘች። «በአንዴ አይሞላም» አለች፤ «በአንዴ ከሞላ ይሰብረዋል።»
ጠብ። ቆይቶ፣ ጠብ።
«ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ» የሚሉት ተረት
በላስቲክ ቱቦ ሲወርድ ተቀምጬ አየሁት።

በአራተኛው ጠዋት ፊቴን ትኩር ብሎ አየና
«ከስተሻል» አለኝ።

ቤት ገባን። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ሳቀ።
«ፍሪጅ ነው ለካ።»
በሩ ላይ ግን ቆመ። ሳቁ እዚያው ደረቀ።
«የሰንጋተራው አጥራችን ላይ ቀይ ቀለም ሲቀቡ፣
እሱስ፣ ትርሲት? እሱም የደሜ ጨው ነበር?»
«አይደለም፣ አባዬ። እሱን እኔም አይቻለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ፤ እንደተመሰከረለት ሰው።
ሽሮውን ቀመሰ። «ጨው አንሶታል» አለ።
በሁለት ጣቴ ቆነጠርኩ፤
ፈራሁ፤
ጨመርኩ።