ውሃ በላው

ቫልዲቪያ ሲዘንብ «ዘነበ» አይባልም፤
ሰማዩ ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም።
እኔም በዓሣ ተራ የሚዛን ጸሐፊ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ኪሎ ለፋፊ፣
ማታ ማታ ጓዳዬ ገብቼ የራሴን እጽፍ ነበር፤
ስድስት ዓመት፣ አሥራ አንድ ደብተር።
አናክሌቶ ስለሚባል ጀልባ ቀዛፊ፣
ወንዙን ከሚስቱ አስበልጦ ይወድ ስለነበር።

እኅቴ ታማ ኦሶርኖ ሄድኩ፤ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ።
ስመለስ ጣሪያው አንድ ሚስማር ጥሎ፣
ጠፈጠፉ ከዕቃው ሁሉ ሣጥኔን ለይቶ፣
ደብተሮቼን እንደ ገንፎ አላቁጦ ጠበቀኝ።
ቀለሜ ሰማያዊ ነበር።
የሣጥኑ ወለል ሰማያዊ፣ መዳፌ ሰማያዊ፣
ከአሥራ አንዱ ደብተር የሚነበብ የተረፈው
«ነገር ግን» የሚል ቃል ብቻ፣ ሁለት ቦታ።
በመጨረሻው ምዕራፍ ላሰጥመው ያሰብኩትን ሰው
ዝናቡ ቀድሞኝ ገና ከመነሻው አሰጠመው።

ጎረቤቴ አየችና «አይዞሽ፣ ወረቀት ነው» አለች።
ወረቀት ነው!
ሬሳ ፊት ቆሞ «ሥጋ ነው» እንደማለት።
«ውሃ በላው» ሲባል አባባል ይመስለኝ ነበር፤
ለካ ውሃም ጥርስ አለው፣ አኝኮ ይውጣል።

ከዚያ ወዲህ ብዕር ስይዝ ጣቴ ደነዘዘ፤
የወተት ሒሳብ እንኳ በቃሌ ያዝኩ።
ስምንት ወር።

ጫማ ሰፊው ኒቫልዶ ሶሌን እየለጠፈ
«ማክሰኞ ማታ ነይ» አለኝ፤ «ከኋላ ክፍል እንጽፋለን።
ሰባት ነን፤ አንዳችንም ደህና አንጽፍም።»
«የምጽፈው የለኝም።»
«እንግዲያው እንጨት ትማግጃለሽ፤ ሕጋችን ነው፣
ባዶ እጁን የመጣ ምድጃ ያነዳል።»

ሦስት ማክሰኞ ማገድኩ፣ በሙጫና በቆዳ ሽታ መሐል።
ዙኒልዳ ስለ ሌሊት አውቶቡስ ተሳፋሪዎቿ፣
ኤሊሴር፣ ጢም አልወጣ ያለው ልጅ፣ ስላልሳማት ሴት፣
ዶኛ ፊዴሊያ ከሞተው ባሏ ጋር ስላልጨረሰችው ጭቅጭቅ፤
አንብበው ሲያበቁ ያልወደዱትን ገጽ ጨምድደው
ለእሳቱ ብለው ያቀብሉኛል።
ለእኔ!

በአራተኛው እጄ አልታዘዝ አለ።
«ያለው ያቃጥላል!» ብዬ ጮኽኩ፤
ጣሪያውን፣ ሣጥኑን፣ አናክሌቶን ዘረገፍኩት።
ኒቫልዶ «ጥሩው ይመለሳል» አለ።
«አይመለስም» አልኩ።
አይመለስምም፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤
አራተኛው ደብተር ላይ ስለ ጉም የጻፍኩት አንቀጽ ነበር፣
እሱን የመሰለ ከእንግዲህ አልጽፍም።

ዝም አሉ። እሳቱ ብቻ ተንጣጣ።
ዙኒልዳ ግን ግንባሯን ቋጥራ፦
«ቆይ፣ ሰውየው ለምን ይሰጥማል?»
«እንዴት ለምን?»
«ዕድሜውን ሁሉ ወንዝ ላይ ኖሮ ዋና አይችልም?»

ስድስት ዓመት። አሥራ አንድ ደብተር።
አንድ ቀን ይህን አልጠየቅኩም።

ዶኛ ፊዴሊያ «ሚስቱስ ታውቃለች?»
ኤሊሴር «የጀልባዋ ቀለም ምን ዓይነት ነው?»
ኒቫልዶ «የሚቀዝፈው ጫማ አድርጎ ነው?»
ጥያቄ በጥያቄ ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፤
የዚህኛው ጠፈጠፍ ስር ግን ባልዲ አላስቀመጥኩም።

ቤት ስገባ ባልዲዬ ሞልቷል። ደፍቼ ቦታው መለስኩት።
(ጣሪያው ዛሬም ያፈስሳል፤ ሣጥኑ ግን አልጋዬ ስር ነው፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ።)
ከዚያ በጫማው ደረሰኝ ጀርባ፣
ቀለም ስለማላምን በእርሳስ፣
ከሁለቱ «ነገር ግን» አንዱን አነሳሁ፦
«ነገር ግን አናክሌቶ ዋና ይችል ነበር።
ከወንዙ ወጣ፤ ኮፍያውን ጨመቀ፤
ዳር ላይ ተቀምጦ
የጫማውን ውሃ ደፋ።»
ሌላኛው «ነገር ግን» ገና አለኝ።

ማክሰኞ አነበብኩላቸው።
ኒቫልዶ «የጫማው ነገር አልተዋጠልኝም» አለ።
ምድጃውን ያን ማታ
ያነደደው ሌላ ሰው ነበር።