ቀሪ

የካቲት ነው። ኩህሞ። በረዶው ጉልበት ድረስ፤
እኔ ከፊት ሄጄ ቢጫ ጥብጣብ ሳስር፣
ታርሞ ከኋላዬ በማሽኑ ሲደርስ፣
ጥዱን አቅፎ ሲጥል፣ ሲልጥ፣ ሲከምር።

ወረቀቱ ይላል፦ «በሄክታር አስር ይትረፍ።»
አስሩን ማን ይምረጥ? ማን ይቅር? ማን ይለፍ?
ጥብጣቡ በእጄ ነው፣ እንደ ዳኛ ማኅተም፤
ያሰርኩት ይቆማል፣ ያለፍኩት ግን የለም።

የጫካው ባለቤት፣ ሄልቪ በበትር መጣች፤
ወገቧ ጎበጥ ያለ፣ አንድ ጆሮዋ የማይሰማ፣
ከጠማማ አስፐን ስር እንደ ቤቷ በር ቆመች።
«ይህንን እሰርልኝ።»
«ሆዱ እኮ ባዶ ነው፣
ለወረቀት አይሆን፣ ማገዶም አይወጣው።»
«ለዚያ ነው እኮ ልጄ። የአባቴም መጋዝ
ዞሮት ነው ያለፈ።
ማሳህን ስታጭድ ጥጉን ታስቀር የለ?
ቃርሚያ የሚለቅም ክንፍ ያለው አለ።»

ታርሞ ከጋቢናው አንገቱን አወጣና፣
«ለአንድ ቀዳዳ ግንድ ልዞር እንደገና?»
ዞረ ግን።

ሲመሽ እስከ ሐይቁ ወለል ብሎ ታየ፤
ጉቶ፣ ጉቶ፣ ጉቶ። የሙጫ ሽታ።
አስር ዛፍ በነፋስ ፊት፣ ጎረቤት የሞተበት፣
መጋረጃው ተገፎ እንደቀረ ቤት።

እኔ በተማርኩበት፣ ስም ሲጠራ ጠዋት፣
«አቤት» ያላለ ልጅ
«ቀሪ» ይባል ነበር በቀይ እስክሪብቶ ጭረት።
ያልመጣም ቀሪ ነው፣ ያልሄደም ቀሪ ነው፤
ለሁለቱ አንድ ስም ቋንቋዬ የሰጠው
ለምን እንደሆነ
እዚህ ጉቶ ላይ ተቀምጬ ነው የገባኝ።

ሰኔ ላይ ተመለስኩ። ከአስሩ ሦስቱ ወድቀዋል፤
ነፋስ ከነሥራቸው ነቅሎ አጋድሟቸዋል።
አዘንኩ። ሄልቪ አላዘነችም፤
ግንዱን በበትሯ ነካ ነካ አድርጋ፣
«የተኛም ይሠራል» አለች። «ጉንዳን አለ፣ እንጉዳይ አለ።
ቁመት የምትቆጥር አንተ ብቻ ነህ።»

ያ ጠማማው ቆሟል። ጥብጣቡ በፀሐይ ነጥቷል።
ከግንዱ ላይ፦ ቋ፣ ቋ።
ግንደ ቆርቁር ነው፣ መዝገብ እንደያዘ መምህር።
ቋ። ከጉቶዎቹ መልስ የለም።
ቋ። ከሐይቁ ማዶ ዝም።
ቋ።
የሄልቪ ደህናው ጆሮ ወደ ግንዱ ዘንበል አለ፤
ከቀዳዳው ውስጥ ጫጩቶች፣ እየተሻሙ፦
አቤት፣ አቤት፣ አቤት፣
አቤት።