ጸጥ ያለው ቀለበት

ኮምቦልቻ መሸ፤ መብራት ሄዶ መጣ፤
ጦይባ ከማጉያው ዓይኗን ሳታወጣ
ከቦርከና ቀድታ ያጠለለችውን፣
በመስታወት ቱቦ ያሸገችውን
ደቃቅ ትከተላለች፤ ማይክሮን በሰከንድ፣
ኤሌክትሪክ ሲጠራት ቅንጣቷ ስትሄድ።

ጭቃው እርስ በርሱ እየተገፋፋ
አልዘቅጥም ስላለ፣ ድፍርሱ ቢከፋ፣
የመገፋፋቱን ልክ ልታውቅ ነው ልፋቷ፤
ዜታ ይሉታል፤ እሱ ነው ጥናቷ።

ግን ቁጥሩ ዋሸ።
ከግድግዳው ጥግ ዘጠኝ አለ፣ በመቀነስ፤
መሃሉን ስታየው ሃምሳ ስምንት ሲደርስ!
አንድ ጭቃ፣ አንድ ቱቦ፣ አንድ ማታ፤
ሁለት ምስክሮች፣ ቃላቸው የተምታታ።

«ደምሬ ባካፍልስ?» አለች። ሠላሳ ሦስት ተኩል።
ጋሽ ይመር ሳቁ፤ «ሁለት ሐሰት ሲካፈል እውነት ይወጣዋል?
መስታወቱም ቻርጅ አለው፤ ዝም ያለ አይምሰልሽ፤
ውሃውን በጥግ በጥጉ ይነዳዋል፣ ሳይነግርሽ።
ቱቦው ዝግ ነውና የተነዳው ውሃ
በመሃል ይመለሳል፣ ደጅ ጠንቶ እንደከሰረ ድሃ።
የቆጠርሽው የጭቃውን እርምጃ አይደለም ብቻውን፤
የተሳፈረበትንም ነው፣ የውሃውን።»

ባቲ ነው ያደጉት። ሰኞ ሰኞ፣ በገበያው፣
አንድ ጠባብ መተላለፊያ ነበር፣ ጫፉ መውጫ የሌለው፤
ሸማች ሱቅ ሱቁን ተጠግቶ ይወርዳል፣
ግመል ነጂው ሳይቀር በመሃል ይመለሳል፤
በሁለቱ መካከል ክር የምታህል ስፍራ፣
ማንም የማይገፋባት፣ ልጅ የማታስፈራ።
«ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ጠፋሁ፤ እዚያች ላይ ቆምኩ፤
እናቴ እስክትመጣ አልተነቃነቅኩ።»

ጦይባ ብሎኑን በሁለት ጣት አዞረች፤
ከግድግዳው ተነሥታ ወደ ውስጥ ቆጠረች፤
ከቱቦው ስፋት ከመቶ አሥራ አምስት፣ ትንሽ ጎደል፤
እዚያ ነው ቀለበቱ፣ ውሃው የማይዋልል።
ሃያ ስምንት። ዋልታውን ገለበጠች። ሃያ ስምንት።
ከታችኛው ጥግ ደገመች። ሃያ ሰባት።
«እሷ የእጄ ናት» አለች፣ ስለ አንዲቱ ልዩነት።

ከቁጥሩ በፊት ጥልቀቱን ጻፈች፣
«የት ቆሞ እንዳየ የማይናገር ምስክር አልወድም» እያለች።

በርበሬ ወንዝ ስትደርስ፣ ባጃጅ ሲተራመስ፣
አንድ አፍታ ቆመች፤
ስንቱ እርምጃ የኔ ነው፣ ስንቱስ የሚፈስስ?
ካፊያ ጀመረ።
ጫማዋ ላይ የቦርከና ጭቃ፣ ገና አልደረቀም።