አንድ ውሸት

ትናንት ማታ ደግሞ እኔና ቢያድግልኝ፣
ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ስንወርድ፣ "እስቲ አስረዳኝ፣
ያቺን ያንተን ፊልም!" ብሎ ተነሳብኝ።
ሠላሳ ዓመት አለፈው ይሄ ክርክር፣
ልጆች ወለድን፣ ፀጉር ሸሸ ከግንባር፣
እሱ ግን እንዳለ፣ እንደ ያኔው ትኩስ፦
ከሁለቱ ፊልሞች የቱ ልቆ፣ የቱ ያንስ።

እሪ በከንቱ ታች፣ እትዬ ሸዋረገድ ጓዳ፣
መስኮቱ በብርድ ልብስ፣ ጋዜጣ የለበሰ ግድግዳ፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን፣ አግዳሚ ላይ ታጭቀን፣
ጉልበት በጉልበት ላይ፣ ወደ ጠፈር ወጣን።
እንግሊዝኛው ሲሮጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን
ምናሴ ነው ቆሞ የሚተረጉምልን።
ያላወቀው ቃል ሲያልፍ ከራሱ ይሞላል፤
"ካፒቴኑ" ይላል፣ "በእናቱ ይምላል፤
ነዳጅ አልቆበታል፣ ቀበሌ ከልክሏል።"

የእኔ ፊልም ያቺ ናት፦ መርከብ እንደ ከተማ፣
ሰባት ሞተር ያላት፣ ሆዷ ውስጥ ደን የለማ፣
ፀሐይ ሞታባት ሸሽታ ጨለማውን ስትቀድ፣
አግዳሚያችን ራሱ አብሯት ሲርድ፣ ሲርድ።

የእሱዋ ግን ዝም ያለች። አንዲት ሴት ባንድ ክፍል፣
ሩቅ ዓለም ላይ፣ ራዲዮ ስትጠብቅ፣ ሹራብ ስትጠግን፣ ድንች ስትተክል።
"ደህና ነሽ?" ይሏታል። ቃሉ እስኪደርሳት
ዐሥራ አንድ ዓመት ነው። መልሷም ሌላ ዐሥራ አንድ ዓመት።

ቢያድግልኝ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ገመድና ክብደት
ያምናል። ሕጉ እንዲህ ነው፦ "ላንድ ፊልም አንድ ውሸት
ይፈቀድለታል። አንድ! ሰው እዚያ ደረሰ
በለኝ፤ አምንሃለሁ። ከዚያ ግን ቧንቧው ያፍስስ፣ ጫማው ይበሳ፣ ሰውም ያልቅስ ካለቀሰ።
ያንተዋ መርከብ ግን፣ አየር በሌለበት
ስትፈነዳ ጊዜ ጆሮዬ ጮኸ ለሦስት ቀናት!
በባዶ ጠፈር ላይ ድምፅ ከየት መጥቶ ነው?
እንደ ሰፈራችን ስም፣ እሪ በከንቱ ነው።"

ሳቅኩኝ። እውነቱን ነው። ያን ሌሊት ግን ስወጣ፣
የጎረቤት በርሜል፣ ጨረቃ ላዩ ላይ ተቀምጣ፣
ሞተሩን አሙቆ ሊነሳ ሲል አየሁ።
አባቴ ተጣራ። እኔ የለሁም፤ ሄጃለሁ።
የፊልም ልኩ ለእኔ እሱ ነው፣ እሱ ብቻ፦
በርሜል በርሜል ሆኖ አልታይ ሲልህ፣ ላንድ ሌሊት ብቻ።

ይህን ሁሉ ያልኩት ሌላ ነገር ላለማውጣት ነው።
የሴትየዋን ፊልም መጨረሻ ማናችንም አላየነው።
መልሱ ሊመጣላት፣ አምፖሉ ብልጭ ሲል፣
መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ። "ገንዘቤን!" የሚል
ጩኸት ሲነሳ፣ ምናሴ ጨለማው ውስጥ ቀጠለ፦
"የልጅ ድምፅ ነው፤ 'ጠያቂሽ ሞቷል፣ እኔ ልጁ ነኝ' አለ፣
'ድንቹ በቀለ?'"
ከዚያ የጮኸ የለም። እትዬ ሸዋረገድ አፍንጫዋን ሳበች፤
ሃምሳ ሳንቲማችንን ግን አልመለሰች።

ባለፈው ወር ልጄ ያንን ፊልም ከስልኳ አገኘችው።
መጨረሻውን አየሁት። ድንች የለም። ልጅ የለም። መርከብ መጥቶ ወሰዳት፤ ሙዚቃ አለው።
ትናንት አመለጠኝ፤ ነገርኩት። ቆመ ቢያድግልኝ፣
የአምፖል ዛፍ ሥር፣ ፊቱ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ እየሆነ፣ ዝም አለኝ።
ኋላ፣ "እንግዲህ" አለ፣ "ፊልሙ ነዋ የተሳሳተ፤
ምናሴማ በትክክል ተርጉሞት ነው የሞተ።"

የጓዳው በር የት ጋ ነበር? ሁሉም ፈርሷል፤ አሁን ሣር ነው።
"እዚህ" አልኩ። "የለም፣ እዚያ" ብሎ በእርምጃ ለካው።
ዘበኛው ባትሪ አብርቶ፣ "ምን ጠፋባችሁ?" አለ፤
ቢያድግልኝ አልመለሰም፤ "ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ" እያለ
ይራመዳል፣ ሣሩን አትርገጡ እየተባለ።