የኩል ልጅ

ሙሐረቅ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ወዲህ፣
በኡሙ ሙባረክ ቤት፣ መስኮቱ ደፍ ላይ፣
ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንድ የነሐስ ብልቃጥ፣
አንድ የላስቲክ ጠርሙስ፣ ያለበት ውሃ መሳይ።

ብልቃጡ ውስጥ ኩል ነው።
ጠርሙሱን ደግሞ፣ ልጅ ሳለሁ በቀራሁት ፊደል
ብቆጥረው ብቆጥረው ያው ኩል፤
አንዲት ድምፅ ብቻ ረዝማ፣ ኩሑል፤
ጠረጴዛ የምወለውልበት አልኮል።

«እንዴት ነው?» አልኳቸው።
ሳቁ።
«ድንጋይ ነበር፤ ወቅጠው፣ በሐር ነፍተው፣
ጭስ እስኪያህል አላሙት።
ኋላ የላመ ሁሉ ኩል ተባለ፣
ወይን አፍልተው እንፋሎቱን የያዙ ለታም
‹ይህስ ከሁሉ የላመ› ብለው በዚያው ስም ጠሩት።
ስሙ ከዓይኔ ተነሥቶ መሸታ ቤት ገባ፤
ይኸው ዛሬ በአንቺ እጅ ተውበት አደረገ፣
ጠረጴዛ ያብሳል።»

አባታቸው ሉል ጠላቂ ነበሩ።
ጀልባ ሳይወጡ ይኳሉ ነበር፣
የውሃው ላይ ፀሐይ እንዳይወጋቸው።
«ወንድ ይኳላል እንዴ?»
«ባሕር ወንድና ሴት አይለይም።»

ሙዛ ስትወለድ
(ሉል ማለት ነው አሉኝ፤ እኔ በልቤ ሙዝዬ እላታለሁ)
አያቷ እትብቷን ኳሉት፣ ቅንድቧን ኳሉት፣
የሰው ዓይን እንዳያርፍባት።
እናቷ ሐኪም ናት። ከብልቃጡ ቆንጥራ ወሰደች፣
በአራተኛው ቀን ወረቀት ይዛ መጣች፦
«ረሷስ!»
በእኛም እርሳስ።
እኔ የታየኝ ሐርቡ፣ ከእህቴ ጋር
ለሁለት ሰብረን የጻፍንበት፣
ጫፉን ምራቅ አስነክተን የላስነው እርሳስ።
«ልትኳል ዓይኗን አጠፋች» የሚሉ ያገሬ ሰዎች
ለካ ላቦራቶሪ ነበራቸው።

ኩሉን ሽንት ቤት ደፉት፣ ሦስቴ ውሃ ለቀቁበት።
ውሃው ጠቁሮ ዞረ፣ ዞረ፣ ጠራ።
ብልቃጡን ግን አጥቤ ከቦታው መለስኩት።
ማንም ምንም አላለኝ።

ሐሙስ ማታ ይጠሩኛል።
ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፤
መስታወትና ግድግዳ ለሳቸው አንድ ነው።
እንጨቷን በአልኮል እጠርጋታለሁ፣
እስኪተን እቆማለሁ፣
ልጁም እናቱም እንዳይቀሩባት።
ከዚያ የዓይናቸውን ቆብ ዝቅ አድርጌ
በባዶው እኩላቸዋለሁ።

«ጠቆረ?»
«ጠቆረ።»
«አባቴን መሰልኩ?»

አባታቸውን አይቻቸው አላውቅም።
«ቁርጥ እሳቸውን» እላለሁ።