የጠመኔ መርከብ

አስፋልቱ ባለቀበት፣ ታክሲ በሚያዞርበት፣
ከኮዬ ጫፍ ብሎክ፣ ጤፍ በነበረበት፣
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት፣
ሽመክት ተንበርክኮ መርከብ ይስላል፤
ባዶ ሲሚንቶ ላይ ጠመኔ ይፈጫል።

ሰባት ሳምንት ቀርቷል ሰርጋችን ሊደርስ፤
አሠሪው ጽፎለት፣ "ከነሙሽራህ ና፣
እንደ ቱሪስቶቹ አንተም ተናፈስ፤"
አንድ ሳምንት በነጻ። ቀኑ ተቆርጦልን፣
ክፍል መምረጥ ብቻ ነው እንግዲህ የቀረን።

እኔ ባሕር አላውቅም። ቢሾፍቱ ሄጃለሁ፣
ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ ዓሣ በልቻለሁ፣
የጫማዬን ጫፍ ነክሬ ተመልሻለሁ።
ከዚያ የሰፋ ውሃ በሥዕል ነው የማውቀው፣
ገላን፣ ሰድር ስሸጥ ከጀርባዬ ያለው።

እሱ ግን አዋቂ ነው። ጣቱን እየቀሰረ
"ከፊት በኩል አንይዝም" ሲል ማስረዳት ጀመረ፤
"አፍንጫው ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ያዞራል፣
የበላሽው ሁሉ ወደ አፍሽ ይመለሳል።
ከኋላም አይሆንም፣ ሞተር ያንቀጠቅጣል።
ከጭፈራው አዳራሽ ሥር ደግሞ ከተኛሽ፣
እስኪነጋ ድረስ ተረከዝ ነው በራስሽ።
መሃሉ ነው ደጉ፤ ዝቅ ብሎ፣ ከሆዱ፣
ማዕበል ቢመጣ የማይሰማ ጉዱ፤
መስኮት የለውም እንጂ…" አለና አጉተመተመ፤
አራት ማዕዘን ስሎ መሃሉ ላይ ቆመ።

ሜትር አወጣሁኝ፣ የሱቄን፣ ቢጫውን፣
ሦስት በአራት ወጣ። ደግሜ ለካሁትን።
"ይሄማ መኝታ ቤታችን ነው!" ስለው፣
ሳቀ። አልጋ ሳለ። ከግድግዳ አስጠጋው።
ቁምሣጥን እዚህ ጋ፣ ሽንት ቤት እዚያ ጋ፣
በሩ ሲከፈት ጉልበት የሚነካ ካልጋ።
ገባንና ተኛን፣ ጀርባችን ሲሚንቶ፣
ትከሻ ለትከሻ፣ ምንጣፍ ተረስቶ።
"መስኮቱስ?" አልኩት። "የለም" አለ፣ "ግድግዳ።"
"ባሕሩስ?"
"ይሰማል፣ ሲመታ፣ ከጓዳ።"

"መስኮት ያለው ክፍል ጭማሪ ይጠይቃል፤
ለደጃፍ በራችን የቆጠብነው ያልቃል።
ቆርቆሮ በር ዘግቶ ባሕር ማየት ያምራል?
ውሃ ነው፣ ማስተዋል። ቢያዩት ምን ይጨምራል?"

የኛ ቤት መስኮት እንደሁ ቢከፈት የሚያየው
ፊት ለፊት ብሎክ ነው፣ የሰው ካልሲ ነው።
"ውሃ ነው" ይለኛል! ቧንቧው ከደረቀ
ዘጠኝ ቀን በሆነው፣ በርሜሉም ባለቀ፣
ፊቴን በኩባያ በታጠብኩበት ቤት!
ውሃ ብቻ የሞላ መስኮት ቢኖር ለአንድ ሌት
ብር አይወጣበትም? በሉ ፍረዱበት።

"አንተማ ጠግበሃል" አልኩት ተቀይሜ፣
"አራት ዓመት ሙሉ ሰማያዊ ዕድሜ።
ንገረኝ፣ ሲነጋ ምን ይመስላል መልኩ?"
ዝም ብሎ ቆየ። በርቶ ጠፋ ስልኩ።

"ሥራዬ ከታች ነው" አለኝ ቀስ ብሎ፣
"ከውሃው ወለል በታች፣ ጆሮ ተጠቅልሎ፤
በፈረቃ ወርጄ፣ በፈረቃ ተኝቼ፣
ወደብ ስንደርስ ብቻ ላይ ወጥቼ አይቼ፤
ወደብ ደግሞ ክሬን ነው፣ ገመድ ነው፣ ጭስ፣ ዝገት።
ሲነጋ አላየሁም። አንድም ቀን። ምናልባት
ቀይ ባሕር ላይ አንዴ፣ ሞተር ተበላሽቶ፣
በጠባብ ቀዳዳ አንድ ነገር በርቶ…"
አልጨረሰውም።

ከምድር ቤት ወፍጮው የማታ ሥራ ይዟል፤
ወለሉ ይርዳል፣ ጀርባችንን ያሻል።
እዚያው ወሬው ላይ እንቅልፍ ወሰደው፣
የወፍጮ ጉርምርምታ እሹሩሩ ሆነው።
እኔ ዓይኔ ፈጦ፣ ጣሪያውን እያየሁ፣
የበሩን ብር ስቀንስ፣ ስደምር ቆየሁ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ሳለ፣ አፏጨ፤
ክፍቱን ረስተነው ጭቃ ጭቃ ረጨ፤
ከዚያ ጠራ። መጣ። ከኩሽናው ፈሰሰ፣
ማንንም ሳይጠይቅ መርከቡ ጋ ደረሰ።
"ተነሣ! ውሃ! ውሃ!" ባልዲ ከባልዲ ተላጋ፣
ብሎኩ ሁሉ ነቃ፣ ሌሊቱ ሳይነጋ።

ሁሉን ሞልተን ስናበቃ በስልክ መብራት አየን፤
ቁምሣጥኑ ጠፍቷል፣ አልጋው ግማሽ ቀረን፤
"ግድግዳ ነው" ያለኝ ያ የዳር መስመሩ
ታጥቦ ሄዷል። ገብቷል ከውጭ ባሕሩ።

ሽመክት ሱሪውን ወደ ላይ ሰብስቦ
ብዙ አየው ወለሉን፣ ቅንድቡን ሸብቦ።
"መጥረጊያ አምጪ" አለኝ። ውሃው ነው ቀዝቃዛ።
አላመጣሁለትም። ቆምን።
"ለቆርቆሮው በር" አለ፣ "ጓጉንቸር እንግዛ።"