ጨው ተበደር ያሉኝ ጠዋት

በሕልሜ ወንዝ ዳር ቆሜ፣ ዓሣ ሲዘል እያየሁ፣
ማንም በሌለበት ረጋ ብዬ ሸናሁ።
ሞቀኝ።
ከዚያ በረደኝ።
ከዚያ ነቃሁ።

ወለሉ ከሥር የሚሞቅ አንዲት ክፍል ነበረችን፤
አምስት ልጆች ባንድ ብርድ ልብስ፣ እግር በእግር ተጠላልፈን።
ከምድጃው ወገን፣ ሙቀቱ ካለበት፣
ታናሽ ስለሆንኩኝ የደረሰኝ ርስት፤
ያን ርስት ነው እንግዲህ ያጥለቀለቅሁት።

እህቴ ማልሱን ዳበሰች፣ እጇን አሸተተች፤
«ደግሞ!» አለች።
ሌላ ቃል አልጨመረች።

ብርድ ልብሱ ሲገለጥ ካርታ ተሥሎበታል፤
ዳር ዳሩ ቢጫ ነው፣ መሐሉ ርሷል።
ወንድሜ ተማሪ ነውና አጎንብሶ ቀረበ፤
«ልሳነ ምድር!» አለ፣ በጣቱ እየከበበ፤
«ሰሜኑ ይኸው፣ ደቡቡ ይኸው፣ መስመሩ ግን የለም።»
እናቴ ኮረኮመችው፦ «በዚህ አይቀለድም።»

እኔን ግን አልመታችኝም።
ከግድግዳው ትልቁን ሰፌድ አወረደች፣
ሩዝ የምታበጥርበትን፣ ራሴ ላይ ደፋች፤
ባዶ ሳህን በእጄ አስጨበጠች፤
«ሂድ፣ ከጎረቤት ጨው ተበደር» አለች።

ወጉ ነው። ሰፌድ የደፋ ልጅ ከደጅ ሲቆም
ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

መጀመሪያ ያንኳኳሁት የኦክቡን እናት ቤት፤
በሩዝ ጭልፋ ወጥተው ሰፌዴን ነረቱት።
እንደ ከበሮ ጮኸ። ጨው ፊቴ ላይ ረጩ።
ልጆቹ ከበሩ ሥር ተሰብስበው ተንጫጩ።
ኦክቡንም ሳቀች፤
የበረዶ መንሸራተቻዬን ያዋስኳት ልጅ፣ እሷም ሳቀች።

ሁለተኛው ቤት እንዲሁ። ሦስተኛው ቤት ውሻ።
ሳህኔ ውስጥ ያለው ጨው አይሆንም ለጉርሻ።
እስቲ ማን አይቷል፣ ከሰው ደጅ ቆሞ፣
ጨው ተበድሮ ጨዋ የሆነ፣ በጭልፋ ታርሞ?

መንደሩ አለቀ። የቀረው የማ ፓንሶክ ጎጆ ነው፤
ጦርነት ወስዶት፣ ግማሽ ጆሮ አስቀርቶ የመለሰው ሰው።
ልጆች እንፈራዋለን። ከዘመድ ቤት አያድርም፤
በዓል ይሁን ሰርግ ይሁን፣ ቢለምኑት አያድርም፤
በእኩለ ሌሊት፣ በበረዶ፣ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤
ኩሩ ነው ይሉታል።

ዞሬ በጓሮ ገባሁ፣ ማንም እንዳያየኝ፤
ገመድ ላይ የተሰጣ ነገር ግንባሬን ገጨኝ።
ሰፌዱን ቀና አደረግሁ፦
ብርድ ልብስ ነው፣ እንደ ጣውላ በውርጭ ደርቆ፣
መሐሉ ላይ ካርታ፣ ከዳር እስከ ዳር ዘልቆ።
ከኔ ይሰፋል።
የትልቅ ሰው አገር ነው።

ፓንሶክ ባልዲ ይዞ ከበሩ ቆሟል።
እኔን አየ፣ ሰፌዱን አየ፣ ገመዱን አየ፤
አፉ አልተናገረም፣ ትንፋሹ ብቻ ሲጨስ ታየ።
ጭልፋ አላነሳም።
ሳህኔን ተቀብሎ ገባ፣ ቆየና ወጣ፤
የባሕር ጨው ከነቁልሉ ሞልቶ አመጣ።
ከዚያ በርከክ አለ፣ ከሰፌዱ ሥር ድረስ ዝቅ ብሎ፦
«አንተስ እናት አለችህ፤ እኔን ማን ይላከኝ?» አለ፣ ቀስ ብሎ።

የሰባት ዓመት ልጅ ለዚህ ምን ይመልሳል?
ሰፌዴን አውልቄ ራሱ ላይ ደፋሁለት። ጠበበው።
ከሳህኑ ቆንጥሬ ትከሻው ላይ በተንኩ፣
እንደ ኦክቡን እናት «ዳግመኛ ታደርጋለህ?» አልኩ።
ከሰፌዱ ሥር አንድ ድምፅ ወጣ፤
ሳቅ ነው ብዬ ነበር ያኔ።

«ይህን ሁሉ ጨው ማን ሰጠህ?» አለች እናቴ።
«ጎረቤት።»

ጨዉ አልፈወሰኝም፣ እውነቱን ልናገር፤
እስከ አሥር ዓመቴ ካርታ እሥል ነበር።
ግን ሰፌድ በደፋሁ ቁጥር ሌላ በር አላንኳኳሁም፤
በጓሮ እገባለሁ፤ እሱ አይጠይቀኝም፣ እኔም አልጠይቀውም።

አንድ ቀን፣ በረዶው ሊቀልጥ ሲል፣ ገመዱን ባዶ አገኘሁት።
ፓንሶክ ደጁ ላይ ቆሞ፣ እንደ ልጅ ደረቱን ነፍቶ፣
ባዶውን ገመድ በጣቱ አሳየኝ።

እኔ ግን በዚያም ቀን
ሰፌድ ደፍቼ ነበር።